ርካሹ የሌሊት ዳታ እና ውዱ እንቅልፋችን

በዚህ ሀገር ዋጋው ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች የሚሄድ ነገር ጥቂት ነው። ከጥቂቶቹ አንዱ የሌሊት ኢንተርኔት ነው። ቀን እየቆጠርን የምንጠቀማት ሜጋባይት ሌሊት ሲሆን በጅምላ ትሸጣለች። ታዲያ ወጣቱ ምን ያደርጋል? ይጠብቃላ! ራቱን በልቶ፣ ጋደም ብሎ፣ ጥቅሉ የሚጀምርበትን ሰዓት ይጠብቃል። ከዚያ ቤተሰቡ ሁሉ እንቅልፍ ላይ ሳለ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ አንድ ፊት ብቻ ያበራል።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው የማይለቀው አመል አለ፤ "ርካሽ ነው" ሲባል "ቀሪውን ማን ከፈለ?" ብሎ ይጠይቃል። እኔም ስለ ሌሊት ዳታ የምጠይቀው ይሄንኑ ነው። መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ ቀሪውን የምንከፍለው እኛው ነን፣ በእንቅልፋችን። "የስልክ ብርሃን እንቅልፍ ይከለክላል" ሲባል የሚሰጠን የተለመደ ምክር፣ ማለትም "ቢጫውን ማጣሪያ አብራና ቀጥል" የሚለው፣ ዕዳውን አይቀንስልንም። ለምን እንደሆነ አንድ በአንድ ላስረዳ።

ዓይን ሰዓትም ያነባል

መጀመሪያ ሳይንሱን እንይ፤ ብዙ አያደክምም። ዓይናችን የሚያገለግለን ለማየት ብቻ አይደለም። ከዓይናችን ጀርባ፣ ሬቲና ላይ፣ ምስል ከሚያዩት ህዋሳት ሌላ ሜላኖፕሲን የሚባል ፕሮቲን የያዙ ጥቂት ህዋሳት አሉ። እነዚህ ህዋሳት በራሳቸው ብርሃን እንደሚቀበሉ ተመራማሪዎች ያረጋገጡት እ.ኤ.አ. በ2002 ነው፤ ብዙም አልቆየም። ዋና ሥራቸው "አሁን ቀን ነው ወይስ ሌሊት?" ለሚለው ጥያቄ መልስ ወደ አንጎል መላክ ነው። በጣም የሚነቃቁት ደግሞ 480 ናኖሜትር አካባቢ ባለው ሰማያዊ ብርሃን ነው። የጠራ ሰማይ ቀለም ማለት ነው። ሰማያዊ ብርሃን በርከት ብሎ ሲደርሳቸው "ቀን ነው" ብለው ሪፖርት ያደርጋሉ።

ጨለማ ሲሆን ደግሞ አንጎላችን ውስጥ ያለችው ፓይኒያል የምትባል ትንሽ ዕጢ ሜላቶኒን የተባለውን ሆርሞን ትለቃለች። ሜላቶኒን እንደ ማደንዘዣ መትቶ የሚጥል ነገር አይደለም። ሥራው ለመላ ሰውነት "መሽቷል፣ ተዘጋጁ" ብሎ መለፈፍ ነው። ዓይናችሁ ብርሃን ሲያይ ለፋፊው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ወይም ዘግይቶ ይጀምራል።

አንድ የሚገርመኝ አጋጣሚ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት የተሰጠው ሰማያዊ ኤልኢዲን ለፈለሰፉት ለኢሳሙ አካሳኪ፣ ለሂሮሺ አማኖ እና ለሹጂ ናካሙራ ነበር። ነጩ ኤልኢዲ አምፖልም ሆነ የብዙ ስልኮች ስክሪን ያለዚያ ግኝት ባልኖሩ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2017፣ የሕክምናው ኖቤል ለጄፍሪ ሆል፣ ለማይክል ሮስባሽ እና ለማይክል ያንግ ተሰጠ፤ ሰውነታችን ውስጥ ያለው የቀንና የሌሊት ሰዓት በህዋስ ደረጃ እንዴት እንደሚሠራ ስላሳዩ። ዓለም መጀመሪያ ሌሊትን የሚያበራውን ሸለመ፣ ቀጥሎ ሌሊት ለምን እንደሚያስፈልገን ያስረዱትን።

እሺ፣ ጉዳቱ ምን ያህል ነው? በ2014 መጨረሻ ከቦስተኑ ብሪገም ኤንድ ውሜንስ ሆስፒታል የወጣ ብዙ የሚጠቀስ ጥናት አለ። 12 ሰዎች ለአምስት ተከታታይ ምሽቶች ከመተኛታቸው በፊት አራት ሰዓት ያህል ከሚያበራ ታብሌት ላይ አነበቡ፤ ሌላ አምስት ምሽት ደግሞ በወረቀት መጽሐፍ። በታብሌቱ ምሽቶች ሜላቶኒናቸው የሚነሳበት ሰዓት በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ዘገየ፣ እንቅልፍ እስኪወስዳቸው ድረስ 10 ደቂቃ ያህል ተጨማሪ ፈጀባቸው፣ ጠዋት ላይም ይበልጥ ድካም ተሰማቸው።

እዚህ ጋ ሐቀኛ እንሁን። 12 ሰው ጥቂት ነው። ታብሌቱም እስከ ጥግ ደምቆ፣ በደበዘዘ ክፍል ውስጥ፣ ለአራት ሰዓት ነው የተነበበው። 10 ደቂቃም ያን ያህል የሚያስለቅስ አይደለም። ስለዚህ "ስልክ ካያችሁ አለቀላችሁ" እያሉ ማስፈራራት አያስፈልግም። የብርሃኑ ጉዳት እውነት ነው፤ ግን ብርሃኑ ብቻውን ታሪኩን አይጨርሰውም።

"ናይት ላይት አብርቻለሁ እኮ"

ከጓደኞቼ ጋር ስለዚህ ጉዳይ ሳወራ መጀመሪያ የምሰማው መልስ ይሄ ነው። አይፎን ያለው "ናይት ሺፍት" ይላል፣ ሳምሰንግ ያለው "አይ ኮምፈርት ሺልድ"፣ ቴክኖ ያለው "አይ ኬር"። ስሙ ይለያያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው፤ ስክሪኑ ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ እኛም ኃጢአታችን የተሰረየ ይመስለናል።

አፕል ናይት ሺፍትን ያመጣው በ2016 ነው። በ2021 በአሜሪካ ዩታ የሚገኘው ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ነገሩን ፈተኑት። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 24 የሆኑ 167 ወጣቶችን በሦስት ከፈሉ፦ ማጣሪያውን አብርተው ስልክ የሚያዩ፣ ሳያበሩ የሚያዩ፣ ከመተኛታቸው በፊት ጭራሽ ስልክ የማይነኩ። ማጣሪያውን ባበሩትና ባላበሩት መካከል የእንቅልፍ ልዩነት አልተገኘም።

ለምን? አንደኛ፣ ቢጫም ቢሆን ብርሃን ብርሃን ነው። ስክሪኑን ቢጫ አድርጋችሁ ብራይትነሱን እስከ ጥግ ከለቀቃችሁት ሰማያዊውን በትንሹ ቀንሳችሁ ድምቀቱን ሙሉ በሙሉ ትታችሁታል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ እንቅልፍ የሚነሳን የምናየው ነገር ጭምር ነው። ቲክቶክ ላይ የጦፈ ላይቭ እያያችሁ፣ አንዱ ለአንዱ ስጦታ ሲልክ፣ ሰው ሲሰዳደብ፣ "አሁን ደግሞ ምን ሊል ነው?" እያላችሁ የምትጠብቁ ከሆነ፣ ስክሪኑ ቢጫ ሆነ አረንጓዴ አንጎላችሁ ቁጭ ብሎ ነው የሚያድረው። ሦስተኛ፣ ማጣሪያው ሰዓቱን አይመልስም። ሌሊት 8 ሰዓት ድረስ በቢጫ ስክሪን ያመሸ ሰው፣ እንቅልፍ ቢቀለውም የሚተኛው 8 ሰዓት ላይ ነው።

መነጽሩም ያው ነው። መነጽር ቤት ስትገቡ "ብሉ ከት ይጨመርበት?" ይሏችኋል፤ በእርግጥ ዋጋውም ይጨመርበታል። የሕክምና ማስረጃዎችን በማጣራት የሚታወቀው ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ ተቋም በ2023 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) 17 ሙከራዎችን አንድ ላይ መርምሮ፣ ይሄ መነጽር የኮምፒውተር ድካምን በማቃለል ረገድ ከተራው መነጽር የተለየ ጥቅም ላይኖረው ይችላል ብሏል። ስለ እንቅልፍም ቢሆን የተጨበጠ ድምዳሜ ላይ መድረስ አልተቻለም። ብራችሁን ያዙት።

ጣራው ላይ ያለውን አምፖል ማን ያየዋል?

ሁላችንም ስልኩን ስንከስስ፣ ከራሳችን በላይ የተንጠለጠለውን እንረሳለን። አብዛኞቻችን ቤት ውስጥ ያለው ነጭ አምፖል ነው። "ዴይላይት" ተብሎ ይሸጣል፤ ስሙ ራሱ እውነቱን ይናገራል፣ የቀን ብርሃን! አንድ በአራት ሜትር የሆነች ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ አምፖል ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ሲበራ፣ ብራይትነሱ ከተቀነሰ ስልክ የሚበልጥ ብርሃን ወደ ዓይን ያስገባል።

በ2022 የብርሃንና የእንቅልፍ ተመራማሪዎች ተሰብስበው ያወጡት ምክር አለ። ብርሃን ሰውነታችን ውስጥ ባለው ሰዓት ላይ ያለውን ጉልበት ሜላኖፒክ ሉክስ በሚባል መለኪያ ይለኩታል። ቀን ቢያንስ 250፣ ከመኝታ በፊት ባሉት ሦስት ሰዓታት ቢበዛ 10፣ በእንቅልፍ ሰዓት ደግሞ ቢበዛ 1 ይሁን ነው ምክሩ። ልብ በሉ፤ ምክሩ ስለ ማታ ብቻ አይደለም። ቀን ብዙ ብርሃን አግኙ ይላል።

ይሄኛው ነጥብ እኛን በጣም ይመለከታል። በ2016 የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ 14 ወጣቶችን ቀን ስድስት ሰዓት ተኩል ደማቅ ብርሃን ውስጥ ካዋለ በኋላ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ታብሌት አስነበባቸው። እንቅልፋቸው መጽሐፍ ካነበቡበት ምሽት አልተለየም። ቀን በቂ ብርሃን ያገኘ ሰውነት፣ ማታ በትንሽ ብርሃን በቀላሉ አይታለልም ማለት ነው። ፀሐያማ ቀን ላይ ከቤት ውጭ፣ ጥላ ሥር እንኳ፣ ብርሃኑ በሺዎች ሉክስ ነው የሚቆጠረው። ቢሮና ካፌ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ጥቂት መቶ ነው። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ በነፃ ትሰጣለች፤ እኛ ግን መጋረጃ ዘግተን ኢንተርኔት ካፌ፣ ቤቲንግ ቤት፣ ፑል ቤት ውስጥ ውለን፣ ማታ በስልክ ብርሃን ፀሐያችንን እናካክሳለን።

ደግሞ እኛ በዚህ ነገር ላይ ሰበብ የለንም። የሀገራችን የሰዓት አቆጣጠር ራሱ ከብርሃን ጋር የተሰፋ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ትወጣለች፣ ምሽት 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ ከምድር ወገብ ብዙ ስለማንርቅ ዓመቱን ሙሉ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ስልካችሁ 00:30 ሲላችሁ ቁጥሩ ምንም አይነግራችሁም፤ እንዲያውም አዲስ ቀን የጀመረ ያስመስለዋል። በእኛ አቆጣጠር ግን ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል ነው። ፀሐይ ከጠለቀች ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗታል ማለት ነው! የአያቶቻችን ሰዓት ስንት እንዳመሸን ቆጥሮ ይነግረናል።

ወደ ዋጋው እንመለስ

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። የሌሊት ዳታ ለምን ይረክሳል? ክፋት የለበትም። የቴሌኮም ኔትወርክ የሚገነባው ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጠቀምበትን ሰዓት እንዲችል ተደርጎ ነው። ያ ሰዓት ሲያልፍ አንቴናውም፣ ኬብሉም፣ ኤሌክትሪኩም አለ፤ ተጠቃሚው ግን ተኝቷል። ባዶ ወንበር ይዞ እንደሚሄድ አውቶቡስ ማለት ነው። ባዶውን ወንበር በርካሽ መሸጥ ለኩባንያውም ገቢ ነው፣ ለተጠቃሚውም ዕድል። ክፍል ውስጥ ስንማረው ሁሉም ሰው የሚጠቀምበት ንጹሕ ምሳሌ ነበር።

ችግሩ፣ የመማሪያ መጽሐፉ ወንበሩን የገዛው ሰው መተኛት እንዳለበት አይቆጥርም። እስቲ እናስላው። አንድ ወጣት ማታ 6 ሰዓት ጥቅል ገዝቶ እስከ ሌሊት 8 ሰዓት ቢጠቀም፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሲነሳ የተኛው አራት ሰዓት ነው። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሐኪሞች ማኅበር በ2015 ባወጣው ምክር ለአዋቂ ሰው ቢያንስ ሰባት ሰዓት ያስፈልገዋል። ሦስት ሰዓት ጎደለ። "ጠዋት አርፍጄ እነሳለሁ" እንዳይል፣ የጠዋቱ ጫፍ በምስማር የተመታ ነው፦ የታክሲ ሰልፉ አለ፣ ሰርቪሱ አለ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያና አዛኑ አሉ፣ "ተነስ እንጂ አንተ ልጅ!" የሚሉ እናት አሉ። አንዱ ጫፍ ካልተንቀሳቀሰ፣ በሌላኛው ጫፍ የጠፋች ደቂቃ ሁሉ ጠፍታ ትቀራለች።

በየቀኑ አንድ ሰዓት ብቻ ይጥፋ ብንል እንኳ በዓመት 365 ሰዓት ነው። በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ሲካፈል ከ45 የሥራ ቀን ይበልጣል። ማንም ኩባንያ "በዓመት 45 ቀን በነፃ ሥራልኝ፣ እኔ ዳታ በቅናሽ እሰጥሃለሁ" ቢላችሁ ትስማማላችሁ?

እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ደግሞ ሂሳቡን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ሳይ ነው። ቤቱ ዋይፋይ ያስገባ ልጅ ቪዲዮውን ቀን 10 ሰዓት ላይ አይቶ ማታ 4 ሰዓት ይተኛል። ሌሊቱን የሚጠብቀው የቀኑን ዋጋ የማይችለው ነው። ግብር ቢሆን ኖሮ "ከድሀው ይበልጥ የሚሰበስብ ግብር" ብለን እንጮህበት ነበር። ይሄ ግን በብር ስላልሆነ ደረሰኝ የለውም።

ሰፈራችን ባጃጅ የሚነዳ ልጅ አለ። ሌሊት ጥቅል ገዝቶ ዩቲዩብ ላይ ግራፊክስ ዲዛይን ይማራል። ሱሰኛ አይደለም፣ ዝንጉም አይደለም፤ ሕይወቱን ሊቀይር የሚታገል ሰው ነው። አንድ ቀን "ለምን ቀን አትማርም?" አልኩት። "ስማኝማ፣" አለኝ፣ "ቀን ጊዜ ባገኝ ብሩ አይበቃኝም፤ ሌሊት ብሩ ሲበቃኝ እንቅልፍ አይበቃኝም።" ይሄን ልጅ "ስልክህን ዝጋና ተኛ" ብሎ መምከር ለእኔ ድፍረት ነው። ግን ደግሞ እውነቱም መነገር አለበት፦ የተማርነው ነገር አእምሯችን ውስጥ የሚጸናው በአብዛኛው ስንተኛ ነው። እንቅልፍ ቆርሶ የተማረ ሰው፣ በአንድ እጁ የያዘውን በሌላው ያፈሳል። ጠዋት ደግሞ ባጃጁን አራት ሰዓት የተኛ ሰው ነው የሚነዳው፤ ከኋላ የተሳፈርነውም የዋጋው ተካፋዮች ነን።

"ሌሊት ብቻ ነው የራሴ የምሆነው"

የሚቃወመኝ አይጠፋም፤ ተቃውሞውም ተራ አይደለም። ከወንድምና ከእህት ጋር አንድ ክፍል የሚጋራ፣ ቀኑን ሙሉ "አምጣ፣ ውሰድ" የሚባል ወጣት፣ ሁሉም ሲተኛ ነው ትንሽ የራሱ ጊዜ የሚያገኘው። ቻይናዎች ለዚህ ስም አላቸው፤ ቀኑን ሙሉ በሌላ ሰው የታዘዘ ሰው ሌሊቱን ባለመተኛት የሚወስደው በቀል ይሉታል። በቀሉ ግን የሚያርፈው በተበቃዩ ላይ ነው።

ምርጫ የሌላቸውም አሉ። ዋሽንግተን ያለው አጎት ምሽት 12 ሰዓት ከሥራ ሲወጣ እዚህ ሌሊት 7 ወይም 8 ሰዓት ነው። ሪያድ ያለችው እህት ሰዓቷ ከእኛ ጋር አንድ ቢሆንም፣ የአሠሪዎቿ ቤት ሥራ አልቆ ስልክ የምትይዘው ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው። የእሷን ጥሪ "የእንቅልፍ ሰዓቴ ነው" ብሎ የሚዘጋ ልብ የለኝም፤ እናንተም እንደሌላችሁ አውቃለሁ። የቻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታም አውሮፓ ክረምት ሲሆን በእኛ ማታ 5 ሰዓት ጀምሮ 7 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው የሚያልቅ።

እነዚህን ሌሊቶች አልነካም። የምለው ይሄን ነው፦ በጀት ይኑራችሁ። ብር ሲያጥር የቱ ይቅር እንደምንል፣ እንቅልፍም ሲያጥር የቱ ሌሊት ይገባዋል ብለን እንምረጥ። ለእህታችሁ ድምፅ የተከፈለ ሌሊት ይገባዋል። ስሙን ለማታውቁት ሰው ጭፈራ 40ኛ ቪዲዮ የተከፈለ ሌሊት ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ማንም አልመረጠውም፤ ጣታችን ስለለመደ ብቻ የመጣ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ከእኛ ልጀምር። አንደኛ፣ ስልኩ ይሥራ፣ እናንተ ተኙ። የሚወርዱትን ቪዲዮዎችና መጻሕፍት ቴሌግራም ላይ አሰልፉ፣ ጥቅሉ ሲጀምር ማውረዱን አስጀምሩና ስልኩን ከክፍሉ ማዶ አስቀምጡት። ነገ ቀን ያለ ዳታ ታያላችሁ።

ሁለተኛ፣ ሌሊቱን ከፊት ሳይሆን ከኋላ ያዙት። የገዛችሁት ጥቅል እስከ ንጋት የሚቆይ ከሆነ፣ ማታ 4 ሰዓት ተኝታችሁ ንጋት 11 ሰዓት ተነሱ። ዳታው ያው ነው፣ ዋጋው ያው ነው፤ እንቅልፉ ግን ሰባት ሰዓት ሞላ። የጠዋት ብርሃን ደግሞ የውስጥ ሰዓታችንን ወደፊት ስለሚያመጣው፣ ማታ በጊዜ እንቅልፍ እንዲመጣ ይረዳል። የባጃጁ ልጅ አሁን ይሄንን እየሞከረ ነው።

ሦስተኛ፣ ማታ ማየት ግድ ከሆነ ከቀለሙ በፊት ድምቀቱን ቀንሱ። ብራይትነሱ እስከ ታች ይውረድ፤ አንድሮይድ 12 እና ከዚያ በላይ ባላቸው ብዙ ስልኮች ላይ "ኤክስትራ ዲም" የሚል አለ፣ አይፎን ላይ "ሪዱስ ዋይት ፖይንት" የሚል። ጥቁር ገጽታውን ተጠቀሙ፣ ስልኩን ከፊታችሁ አርቁት። ቢጫ ማጣሪያውንም አትጥሉት፤ ብቻ እንደ ፈውስ አትቁጠሩት። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ስክሪኑን አጥፍቶ ማዳመጥ ነው፤ ጆሮ ሜላኖፕሲን የለውም።

አራተኛ፣ አምፖሉን እዩት። ሲቃጠል በሚቀጥለው "ዋርም" የተጻፈበትን፣ ቢጫማውን ግዙ። ዋጋቸው ብዙም አይለያይም። ጠዋት ደግሞ ታክሲ ስትጠብቁ ኮፍያችሁን ቀና አድርጉ፤ ሰልፉ ቢያንስ ለዚህ ይጥቀማችሁ።

አምስተኛ፣ "አላርሜ ስልኬ ላይ ነው" የሚለውን ሰበብ ግደሉት። አላርሙ ከክፍሉ ማዶም ይጮኻል። እንዲያውም ለመነሳት ይሻላል።

ይሄ ሁሉ ግን የእኛ ድርሻ ነው። ዋጋ የሚያወጡትም ድርሻ አለባቸው። ኔትወርኩ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ብቻ ሳይሆን ንጋት 10 እና 11 ሰዓት ላይም ባዶ ነው። ታዲያ ከሁሉ ርካሹ ጥቅል ከንጋቱ 10 እስከ 1 ሰዓት ቢሆን ኩባንያዎቹ ምን ይጎድልባቸዋል? ባዶ ወንበራቸው ይሸጣል፤ ወጣቱ ደግሞ ለርካሽ ዳታ ሲል ከማምሸት ለርካሽ ዳታ ሲል በጊዜ ወደ መተኛት ይዞራል። ማታ ያልተጠቀምንበት የሌሊት ጥቅል እስከ ጠዋት 2 ሰዓት እንዲያገለግል ቢደረግስ? ዋጋ ሰውን ያንቀሳቅሳል፤ ይሄ ኢኮኖሚክስ 101 ነው። እስካሁን ያንቀሳቀሰን ወደ ጨለማው ነው፤ ወደ ንጋቱም ሊያንቀሳቅሰን ይችላል።

ዩኒቨርሲቲዎችም ይስሙ። ተማሪ ቀን ላይብረሪ ውስጥ የሚሠራ ዋይፋይ ካገኘ፣ ዶርም ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ስክሪን ሲያበራ ከላይኛው አልጋ የተኛውን ጓደኛውንም አይረብሽም።

እስከዚያው ግን ዛሬ ማታ ጥቅል ስትገዙ ሁለት ዋጋ እንዳለው አስታውሱ። አንዱ በብር ስክሪኑ ላይ ተጽፏል። ሁለተኛው የትም አልተጻፈም፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ አላርሙ ሲጮኽ ይቆረጣል። ሁለቱን ደምሩና ርካሽ ሆኖ ካገኛችሁት ግዙት።